ከአዲስ አበባ ተነስቶ የዳይቪንግ ንግድ ትርዒት ላይ እንዴት መሳተፍ ይቻላል?

ዳይቪንግ፣ ማለትም መተንፈሻ ዕቃ ይዞ ውሃ ውስጥ መጥለቅ፣ ሲነሳ ባሕር የለንም ብሎ ነገሩን መዝጋት ቀላል ነው። ግን ክረምት በገባ ቁጥር ዜናውን እንሰማለን። ጎርፍ ሰው ወሰደ። ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ውስጥ ሰው ገባ። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ጠላቂ ዋናተኞች ፈልገው አወጡ። ጠላቂዎቹ የሚገቡበት ውሃ ቆሻሻ የተቀላቀለበትና ጥቁር ነው። የሚተነፍሱበት ዕቃ ጥራት የሁላችንም ጉዳይ መሆን አለበት።

ከዚህ ሌላም ፈላጊ አለ። የግድብ በር ውሃ ውስጥ ወርዶ የሚፈትሽ ባለሙያ ያስፈልጋል። ጅቡቲ ሄዶ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ ማየት የሚፈልግ ደንበኛ አስጎብኚ ድርጅቶችን ይጠይቃል። የዳይቪንግ ዕቃ የሚሠሩ፣ የሚያከፋፍሉና የሚያሰለጥኑ ሰዎች ደግሞ በዓመት አንዴ በአንድ ጣሪያ ስር ይገናኛሉ። አስጎብኚ፣ የመዋኛ ገንዳ ኃላፊ፣ የዋና አሰልጣኝ ወይም ዕቃ ለማስመጣት ያሰበ ነጋዴ ከሆናችሁ እዚያ መገኘት ይጠቅማችኋል።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። የምትሄዱት ዕቃ ለማየት ብቻ ከሆነ ገንዘባችሁን አታውጡ። ዕቃውንማ ስልካችሁ ላይም ታዩታላችሁ። መሄድ የሚያስፈልገው ያ ዕቃ አዲስ አበባ ላይ ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነው መልስ ለማግኘት ነው። መኪና ገዝቶ መለዋወጫ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ የከተማችን ሰው አሳምሮ ያውቀዋል።

መጀመሪያ ትርዒቱን ምረጡ

በዘርፉ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው የአሜሪካው ዴማ ሾው ነው። በፈረንጆቹ ኅዳር ይካሄዳል፣ አራት ቀን ይቆያል። አብዛኛውን ጊዜ ላስ ቬጋስና ኦርላንዶ ይፈራረቁበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ግን ኒው ኦርሊንስ ነበር። ለሕዝብ ክፍት አይደለም። በዘርፉ እንደምትሠሩ በሰነድ ማሳየት አለባችሁ።

የጀርመኑ ቡት ዱሰልዶርፍ ከዚህ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1969 የተጀመረ የጀልባና የውሃ ስፖርት ትርዒት ነው። ዳይቪንግ በውስጡ የራሱ ሰፊ ቦታ አለው። ዘጠኝ ቀን ይቆያል፣ ትኬት የቆረጠ ሁሉ ይገባል። ብዙ ጊዜ የሚውለው በጥምቀት ሰሞን ስለሆነ በዓሉን ከቤተሰብ ጋር የምታሳልፉ ከሆነ ቀኑን አስቀድማችሁ እዩት። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ ትበራላችሁ፤ ከዚያ ዱሰልዶርፍ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ወደ እስያ ለሚያዩ ደግሞ ሲንጋፖር የሚካሄደው ኤዴክስ አለ።

የኔ ምክር ይሄ ነው። ንግድ ፈቃድ ካላችሁና ለጥገና ሥልጠና የምትሄዱ ከሆነ ዴማን ምረጡ። ትላልቅ አምራቾች የሬጉሌተር (ከአየር ሲሊንደሩ ወደ ጠላቂው አፍ አየር የሚያደርሰው መተንፈሻ) ጥገና ሥልጠና በትርዒቱ ሰሞን እዚያው ይሰጣሉ። ገና በማሰብ ላይ ያለ ሰው ግን ዱሰልዶርፍ ይበቃዋል።

መስቀል አደባባይ ላይ ተለማመዱ

ከአገር ሳትወጡ ኤግዚቢሽን ማዕከል ግቡ። የበዓሉን ባዛር አይደለም የምላችሁ። የግንባታ፣ የሕክምና መሣሪያ ወይም የግብርና ማሽን ትርዒት ሲኖር ጠብቁ። ባዛር ላይ ሰው ፌስታል ሞልቶ ይወጣል። ንግድ ትርዒት ላይ ግን ተይዞ የሚወጣው ስም፣ የዋጋ ዝርዝርና ቀጠሮ ነው።

ሦስት ቡዝ ምረጡና ለእያንዳንዱ ተመሳሳይ ጥያቄ አቅርቡ። መለዋወጫው የት አለ? ጥገናውን ማን ይሠራል? ትንሹ ትዕዛዝ ስንት ነው? ዕቃው በስንት ጊዜ ይደርሳል? ማን አውቆ እንደሚመልስና ማን ብሮሸር ሰጥቶ እንደሚሸኛችሁ ታያላችሁ። ግማሽ ቀን የማይፈጅ ልምምድ ነው። ሰው ፊት ቆሞ መጠየቅ የሚከብደው ሰው በተለይ አይለፈው።

ሰነዱን ከስድስት ወር በፊት ጀምሩ

የሚያስፈልጉት የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ቢዝነስ ካርድና ካላችሁ ደግሞ የጠላቂነት ወይም የአሰልጣኝነት መታወቂያ ናቸው። ፈቃዱ በአማርኛ ብቻ ከሆነ ፈቃድ ባለው ትርጉም ቤት አስተርጉሙት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። በ2018 ዓ.ም. የተሰጠ ፈቃድ በእኛ አቆጣጠር መሆኑ ካልተጻፈበት፣ ውጭ ያለ መዝጋቢ ከብዙ ዓመት በፊት የወጣ አሮጌ ወረቀት ይመስለዋል። ትርጉሙ ላይ የፈረንጆቹ ቀን አብሮ እንዲሰፍር ጠይቁ። የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው። በኢሜይል ቀጠሮ ስትይዙ ጠዋት ሦስት ሰዓት ለማለት 3:00 ብላችሁ ከጻፋችሁ ሰውየው ከቀትር በኋላ ይጠብቃችኋል። 9:00 ብላችሁ ጻፉ።

ከተመዘገባችሁ በኋላ አዘጋጆቹን የግብዣ ደብዳቤ ጠይቁ፤ ለቪዛ ይጠቅማል። ቪዛው ሳይያዝ ገንዘቡ የማይመለስ ሆቴልም ሆነ ትኬት አትክፈሉ። ለጉዞ የሚሆን የውጭ ምንዛሪ ለመግዛት ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ይዛችሁ ባንካችሁ ዘንድ ትሄዳላችሁ። ስንት እንደሚሰጣችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሠንጋ ተራና ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ባንኮቹ ጎን ለጎን ስለሆኑ በአንድ ጠዋት ዞሮ ማወዳደር ይቻላል።

ውሃ ውስጥ ግቡ

ጠላቂ መሆን ግዴታ አይደለም። ግን ሬጉሌተር አፉ ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ሰው ምን መጠየቅ እንዳለበት አያውቅም። ቢያንስ ዋናችሁን አስተካክሉ። የፓዲ (ዓለም አቀፍ የዳይቪንግ ማሠልጠኛ ድርጅት ነው) የመጀመሪያ ደረጃ ኮርስ 200 ሜትር መዋኘትና 10 ደቂቃ ውሃ ላይ መንሳፈፍ ይጠይቃል። መሐል ከተማ ካለ ገንዳ አንዱን መርጣችሁ ተለማመዱ፤ የሂልተኑ ገንዳ ከፍልውሃ በሚመጣ ሙቅ ውሃ ስለሚሞላ በሐምሌ ብርድም ይዋኙበታል። ኮርሱን ጅቡቲ ላይ ብትጨርሱት ደግሞ በጣም ጥሩ።

ጥያቄዎቻችሁን ጽፋችሁ ሂዱ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። የዳይቪንግ ዕቃ በአብዛኛው የሚታሰበው ለባሕር ዳርቻ ነው። እኛ ያለነው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ይህ ብዙ ነገር ይቀይራል።

አየር ጨምቆ ሲሊንደር ከሚሞላው ማሽን፣ ከኮምፕሬሰር እንጀምር። ካታሎጉ ላይ የተጻፈው የመሙላት ፍጥነት ለባሕር ጠለል የተለካ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ አንድ ሲሊንደር ለመሙላት የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ሻጩን «በ2,300 ሜትር ላይ ስንት ሊትር በደቂቃ ይሰጣል?» በሉት። ሞተሩ በሚገባ ይቀዘቅዝ እንደሆነም ጠይቁት። ከዚያ ኤሌክትሪኩ አለ። የኛ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው፤ የአሜሪካው 60 ኸርዝ ነው። ዴማ ላይ ያያችሁት ማሽን ለኛ መስመር የሚሆን ሞተር እንዳለው አረጋግጡ።

የአየር ማስገቢያው ጉዳይ ደግሞ የሰው ነፍስ ነው። ኮምፕሬሰር የመኪና ጭስ ከሳበ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲሊንደሩ ውስጥ ይገባል። ሽታ የለውም፣ ጠላቂው አያውቀውም፣ ጥልቀት ሲጨምር ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ሚኒባስና ታክሲ በሚርመሰመስበት መንገድ ዳር ማሽን ለመትከል የምታስቡ ከሆነ የማስገቢያ ቱቦው ምን ያህል ከፍ ብሎ ሊወጣ እንደሚችል፣ ማጣሪያው በስንት ሰዓት ሥራ እንደሚቀየር፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያ አብሮ ይሸጥ እንደሆነ ጠይቁ። በአውሮፓ የመተንፈሻ አየር ጥራት የሚለካበት መስፈርት ኢኤን 12021 ይባላል። አየሩን ናሙና ልካችሁ የምታስመረምሩበት ላቦራቶሪ ካለ አድራሻውን ያዙ።

ሲሊንደር ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። የሲሊንደሩ አፍ ጥርስ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ በኢንች፣ ሌላው በሚሊሜትር የተለካ። ሁለቱ በዓይን ይመሳሰላሉ። አንዱን ቫልቭ ከሌላው ሲሊንደር ጋር ሰው ሊያስርም ይችላል። 200 ባር ግፊት ሲሞላ ቫልቩ እንደ ጥይት ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ከአሜሪካም ከአውሮፓም ቀላቅላችሁ አትግዙ። አንዱን ምረጡና በዚያው ጽኑ። አሜሪካ ውስጥ ሲሊንደር በየአምስት ዓመቱ በውሃ ግፊት ይመረመራል። ከመሄዳችሁ በፊት እዚህ ኦክስጅን የሚሞሉ ድርጅቶችን ዞራችሁ፣ ይህን ምርመራ ለዳይቪንግ ሲሊንደር ይሠሩ እንደሆነ ጠይቁ። መልሱ «አንሠራም» ከሆነ ዕቅዳችሁ ውስጥ ወጪውን አስገቡ።

ሬጉሌተሩን በእጃችሁ ያዙት። አስፈትታችሁ እዩት፤ ጥሩ ቡዝ ላይ ያለ ባለሙያ ደስ ብሎት ይፈታላችኋል። ውስጡ ያሉት ጎሚኒዎችና መቀመጫዎች ያልቃሉ፤ እንደ አምራቹ በዓመት ወይም በሁለት ዓመት ይቀየራሉ። የመቀየሪያውን ጥቅል ለማን ነው የሚሸጡት? ብዙ አምራቾች የራሳቸውን ሥልጠና ላልወሰደ ሰው መለዋወጫ አይሸጡም። ይህ ማለት ከአዲስ አበባ አንድ ሰው መሠልጠን አለበት ማለት ነው። ሥልጠናው ስንት ቀን ነው? የት ነው? መታደስ ያለበት በስንት ዓመት ነው? ሌላው ሁሉ ቢቀርባችሁ እነዚህን መልሶች ይዛችሁ ኑ።

ለነፍስ አድን ሥራ የምትገዙ ከሆነ የመዝናኛውን ክፍል እለፉት። የከተማችን ወንዞች ውስጥ የሚገባ ሰው ውሃው ቆዳውንም አፉንም መንካት የለበትም። ድራይ ሱት የሚባል ውሃ የማያስገባ ልብስና ፊትን ሙሉ የሚሸፍን ማስክ ይፈልጋል፤ ከላይ ካለው ባልደረባው ጋር የሚነጋገርበት መስመርም እንዲሁ። ከዚያ ውሃ ከወጣ በኋላ ልብሱ በምን እንደሚታጠብና የትኛው ኬሚካል እንደሚያበላሸው ጠይቁ።

አስጎብኚዎች ደግሞ ለጠላቂዎች ደህንነት የሚሠራውን የዳይቨርስ አለርት ኔትወርክን ቡዝ ፈልጉ። የድርጅቱ ምክር አንዴ የጠለቀ ሰው ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይጠብቅ እንዳይበር ነው። ጠልቆ የወጣ ሰው ቶሎ ብሎ ግፊቱ ወዳነሰበት ከፍታ ከወጣ፣ ሰውነቱ ውስጥ የቀረው ጋዝ አረፋ ሆኖ ሊጎዳው ይችላል። ለአዲስ አበባ ሰው ጉዳዩ አውሮፕላን ላይ አያበቃም። አውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት ብዙ ጊዜ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ነው። አዲስ አበባ ራሷ እዚያው ናት። ጅቡቲ ጠልቆ በዚያው ቀን በመኪና ወደ ላይ የሚወጣ ደንበኛ እንደሚበር ሰው ነው፤ ልዩነቱ ቤቱ ደርሶም ከዚያ ከፍታ አለመውረዱ ነው። የጉዞ ፕሮግራማችሁን ለባለሙያዎቹ አሳዩአቸውና የመጨረሻውን ቀን አስተካክሉ።

ቢሾፍቱ ሐይቆች ላይ ለማሠልጠን የምታስቡም እንዲሁ። በ1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ 10 ሜትር መጥለቅ፣ በስሌት ባሕር ላይ ከ12 ሜትር በላይ እንደመጥለቅ ይቆጠራል። ጠላቂው ጥልቀትና ጊዜ የሚከታተልበት የእጅ ኮምፒውተር ከፍታውን ራሱ ያውቃል ወይስ በእጅ ነው የሚሞላው? እስከ ስንት ሜትር?

አዳራሹ ውስጥ

የመጀመሪያውን ቀን ምንም ሳትስማሙ ዙሩ። ምቹ ጫማ አድርጉ። በተቀበላችሁት ካርድ ጀርባ ላይ ምን እንደተነጋገራችሁ እዚያው ቆማችሁ ጻፉ፤ ማታ ሆቴል ገብታችሁ ማን ማን እንደነበር አታስታውሱም።

ይሉኝታን ቤት ተዉት። እኛ ሰው እንዳይከፋው «እሺ» እንላለን። እዚያ «እሺ» ያለ ሰው ተስማማ ማለት ነው፣ ትዕዛዝ ወረቀት ይወጣለታል። ካልወሰናችሁ «ፕሮፎርማ ላኩልኝ፣ አይቼ እመልሳለሁ» በሉ። ነውር አይደለም፤ ሻጩም ግልጽ መልስ ይመርጣል። ፕሮፎርማው ላይ ዋጋው እስከ አዲስ አበባ ወይስ እስከ ጅቡቲ ወደብ መሆኑ፣ የሚጸናበት ቀን፣ መለዋወጫው ለብቻ ተዘርዝሮ መገኘቱን ተመልከቱ።

ናሙና ከያዛችሁ ሬጉሌተሩን በእጅ ሻንጣ አድርጉት። የሊቲየም ባትሪ ያለው የውሃ መብራትም በእጅ ነው። ሲሊንደር ባዶና ቫልቩ የተፈታ ካልሆነ አየር መንገድ አይቀበለውም፤ ባይያዝ ይሻላል። ደረሰኙን አትጣሉ፣ ጉምሩክ ይጠይቃችኋል።

ከተመለሳችሁ በኋላ

በሳምንት ውስጥ ጻፉላቸው። ያገኙት ሰው ብዙ ስለሆነ የት ቆማችሁ ምን እንዳወራችሁ አስታውሷቸው፤ አብራችሁ የተነሳችሁት ፎቶ ካለ አያይዙት። ኢሜይሉ ላይ ጥያቄው አንድ ይሁን፤ ቀጣዩ የጥገና ሥልጠና መቼ ነው፣ ከአዲስ አበባ አንድ ሰው ትቀበላላችሁ? መልስ ካልመጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግማችሁ ጻፉ። ሁለቴ ተጽፎለት ያልመለሰ ድርጅት ሬጉሌተሩ ሲበላሽም ስለማይመልስ፣ ከዝርዝራችሁ አውጡትና ወደ ቀጣዩ እለፉ።