ለዓመታዊው የቤት ውስጥ አትሌቲክስ ውድድር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ቡድን ማዘጋጀት

በ400 ሜትር መም ላይ ብቻ የሠለጠነ ተማሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣሪያ ሥር ሲወዳደር ከተፎካካሪዎቹ ፍጥነት ይልቅ የሚያስቸግረው የኩርባዎቹ ብዛት ነው። የቤት ውስጥ መም አንድ ዙር አብዛኛውን ጊዜ 200 ሜትር በመሆኑ 800 ሜትር አራት ዙር፣ 1500 ሜትር ሰባት ዙር ተኩል፣ 3000 ሜትር ደግሞ አሥራ አምስት ዙር ይሆናል፤ የ3000 ሜትር ሯጭ እንግዲህ ሠላሳ ኩርባ ይታጠፋል ማለት ነው። ስለዚህ አሰልጣኙ ሥራውን መጀመር ያለበት አዳራሹን ከማወቅ ነው። የዙሩ ርዝመት ስንት እንደሆነ፣ ኩርባው ደልዳላ ይሁን ወይም የውጭ ጠርዙ ከፍ ብሎ ወደ ውስጥ ያዘነበለ፣ ስንት መስመር እንዳለውና ምን ዓይነት ስፓይክ ጫማ እንደሚፈቀድ አዘጋጆቹን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ብዙ አዳራሾች ከ6 ሚሊሜትር የረዘመ የስፓይክ ሹል አይፈቅዱም፤ በመግቢያው በር ላይ ሹል ለመቀየር መፍቻ ፍለጋ መሯሯጥ ደግሞ ለማሟሟቂያ የታሰበውን ጊዜ ይበላል።

ተማሪዎችን በየውድድሩ ዓይነት ሲመድቡ የውጪ ሰዓታቸውን ብቻ መመልከት በቂ አይደለም። በ60 ሜትር ውጤቱን በአብዛኛው የሚወስነው አነሳስ ስለሆነ፣ በ100 ሜትር መጨረሻ ላይ ደርሶ የሚቀድም ረጅም ልጅ እዚህ ላይ ዕድሉ ጠባብ ነው። በ200 ሜትር ደግሞ የውስጠኛው መስመር ኩርባ እጅግ የጠበበ በመሆኑ በዚያ የሚሮጥ ሁሉ ይጎዳል፤ ርቀቱ ከ2004 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ከዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮና የወጣውም በመስመሮቹ መካከል ባለው በዚሁ አድልዎ ምክንያት ነው። በተማሪዎች ውድድር ግን አሁንም ስለሚካሄድ፣ አዘጋጆቹ በሰዓት ደረጃ የሚደለድሉ ከሆነ ፈጣኖቹን ብዙውን ጊዜ ወደ ውጪ መስመሮች ያወጣሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም፤ አንዳንድ አሰልጣኞች ተፎካካሪን ለማዘናጋት ከእውነተኛው የዘገየ ሰዓት ያስመዘግባሉ፣ ይህም የገዛ ልጃቸውን በመጥፎ መስመር ላይ ከማስቀመጥ ሌላ የሚያስገኘው ጥቅም የለም።

ለልምምድ የቤት ውስጥ መም አለመኖሩ ሰበብ ሊሆን አይገባም። በደልዳላ ሜዳ ላይ 46 ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ቀጥታ መስመሮችን አስምሮ፣ ጫፎቻቸውን 17.2 ሜትር ራዲየስ ባላቸው ሁለት ግማሽ ክቦች ማገናኘት 200 ሜትር የሚሆን ዙር ያስገኛል፤ ለዚህም ገመድ፣ ችካልና ጥቂት ኮኖች ይበቃሉ። ከውድድሩ ሦስትና አራት ሳምንት በፊት በሳምንት ሁለት ጊዜ በዚህ ዙር ላይ መሥራት ተማሪውን ከጠባቡ ኩርባ ጋር ያለማምደዋል። ሁልጊዜ ወደ ግራ መታጠፍ ግን የቁርጭምጭሚትና የዳሌ ጡንቻዎችን በአንድ ወገን ስለሚያደክም፣ ማሟሟቂያውንም ሆነ ማብረጃውን በተቃራኒው አቅጣጫ ማድረግ ተገቢ ነው።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ትምህርት የመቅደሚያ ቦታ ነው። በአንድ ሙሉ ኩርባ ላይ ከተፎካካሪው 90 ሴንቲሜትር ወደ ውጪ ወጥቶ የሚሮጥ ልጅ 2.8 ሜትር ያህል ተጨማሪ ርቀት ይሮጣል፤ በ1500 ሜትር ይህን አራት ጊዜ ቢደጋግም ከ11 ሜትር በላይ በከንቱ ሮጧል። ስለዚህ ለመቅደም የወሰነ ሯጭ ከኩርባው ሲወጣ ፍጥነቱን ጨምሮ፣ ቀጥታው መስመር ሳያልቅ የውስጡን ቦታ መያዝ ይኖርበታል። በ400 ሜትር ሯጮች ሁለቱን ኩርባዎች በየመስመራቸው ከሮጡ በኋላ ወደ ውስጥ ስለሚገቡ፣ የመጀመሪያውን ዙር መርቶ የሚጨርስ ልጅ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ከኋላ ተነሥቶ እቀድማለሁ የሚለው የውጪው ሜዳ ስሌት እዚህ እምብዛም አይሠራም። በ4 በ400 ሜትር ዱላ ቅብብል ደግሞ ዱላ ተቀባዮች የሚሰለፉት ጓደኞቻቸው ወደ መጨረሻው ኩርባ በገቡበት ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ ዳኛው ካሰለፋቸው በኋላ ቦታ መለዋወጥ እንደማይፈቀድ ልጆቹ ማወቅ አለባቸው።

በ60 ሜትርና በ60 ሜትር መሰናክል (አምስት መሰናክሎች አሉት) ከመጨረሻው መስመር በኋላ ያለው ቦታ አጭር በመሆኑ ግድግዳው ብዙ ጊዜ በወፍራም ፍራሽ ይሸፈናል። ፍራሹን እያዩ ከመስመሩ በፊት ፍጥነት የሚቀንሱ ተማሪዎች ጥቂት አይደሉም፤ መድኃኒቱ መስመሩን በሙሉ ፍጥነት አልፎ በአጭር ርቀት መቆምን በልምምድ ላይ ደጋግሞ መሥራት ነው። አሎሎ ወርዋሪዎች ወለሉን እንዳይጎዳ ተብሎ በለስላሳ ሽፋን የሚሠራውን አሎሎ አስቀድመው ቢይዙት መልካም ነው፣ በእጅ ላይ ተለቅ ብሎ ይሰማልና።

በውድድሩ ዕለት ሥልጠናውን የሚያበላሸው ረጅሙ ጥበቃ ነው። ማሟሟቂያው ቦታ ጠባብ፣ አየሩ ሞቃትና ደረቅ፣ ጩኸቱም ብዙ ስለሆነ የስም ጥሪ ሳይሰማ ሊያልፍ ይችላል። ለእያንዳንዱ ተማሪ የጥሪውን፣ የማሟሟቂያውንና የውድድሩን ሰዓት በወረቀት ጽፎ መስጠት፣ ውኃ ቶሎ ቶሎ እንዲጎነጭ ማሳሰብና እስኪጠራ ድረስ ሙቀት የሚጠብቅ ልብስ እንዲለብስ ማድረግ ያስፈልጋል። አስም ያለበት ተማሪ መድኃኒቱን ከእጁ ሊለይ አይገባም፤ ጤነኞቹም ቢሆኑ ከሩጫው በኋላ ጥቂት ሊያስላቸው እንደሚችል አስቀድሞ ቢነገራቸው አይደነግጡም።

የዙሩ አጭርነት ለአሰልጣኝ አንድ ስጦታ አለው፤ በየ200 ሜትሩ ሰዓት ለመመዝገብ ያስችላል። ጉዳፍ ፀጋይ በ2021 (እ.ኤ.አ.) በፈረንሳይ ሊዬቫ 1500 ሜትርን በ3 ደቂቃ ከ53.09 ሰከንድ ስትጨርስ በአማካይ እያንዳንዱን ዙር በ31 ሰከንድ ገደማ ሮጣለች። የተማሪውን የየዙር ሰዓት ጽፎ በዚያው ምሽት ከእርሱ ጋር መመልከት፣ በስንተኛው ዙር ላይ እንደደከመና የት ቦታ ላይ ወደ ውጪ ወጥቶ እንደሮጠ ገና ሳይረሳው ለመነጋገር ያስችላል።