በማያውቁት አገር በበረዶ ሊነዱ ነው?

መጀመሪያ ጎማውን ይዩ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። በብዙ አገር ሕግ የሚፈቅደው ዝቅተኛ የጎማ ጥርስ ጥልቀት 1.6 ሚሊሜትር ነው፤ ለበረዶ ግን ከ4 ባያንስ ይሻላል። የጎማው ነፋስም በብርድ ይቀንሳል። ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በወረደ ቁጥር 2 ፒኤስአይ (የጎማ ነፋስ መለኪያ) ገደማ ያጣል። ስለዚህ ጠዋት፣ ሳይነዱ ይለኩት። "መኪናዬ ፎር ዊል ነው" ብሎ መዝናናት አይሠራም። ፎር ዊል ለመነሳት ያግዛል፤ ፍሬን ሲይዙ ግን ምንም አይጨምርም።

ያረጀ ባትሪ በብርድ ይከዳል፤ ቀድመው ያስፈትሹት። ራዲያተሩ ውስጥ ውሃ ብቻ ካለ በኩላንት፣ ማለትም በብርድ በማይረጋ ፈሳሽ፣ ያስቀይሩ። የመስታወት ማጠቢያውም የማይረጋ ዓይነት ይሁን።

የሚሄዱበትን አካባቢ ሕግ ይጠይቁ። የበረዶ ጎማ ወይም ጎማው ላይ የሚታሰር ሰንሰለት ግዴታ የሆነበት መንገድ አለ። ሰንሰለት ከገዙ ደግሞ ደረቅ ቦታ ላይ ማሰሩን ይለማመዱ፤ በጨለማና በደነዘዘ ጣት መማር ጣጣ ነው።

ካርታውን ስልክዎ ላይ አውርደው ይያዙ። ስልኩ አቋራጭ ቢያሳይዎትም ዋናውን መንገድ አይልቀቁ፤ በረዶው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠረገው እዚያ ነው። ነዳጅ ከግማሽ በታች አይውረድ። ብርድ ልብስ፣ ውሃ፣ ባትሪ መብራትና አካፋ ይጫኑ።

በረዶ ውስጥ ከተቀረቀሩ መኪናውን ጥለው አይሂዱ። ለሙቀት ሞተር ከማስነሳትዎ በፊት ግን የጭስ ማውጫውን ከበረዶ ያጽዱ። ከተደፈነ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጥ ገብቶ ሊገድል ይችላል።