ጭንቅላት ያሳከከ ሁሉ ፎረፎር አደለም፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ድሬ ላይ ጭንቅላቴን እያሳከከኝ ነው ካላችሁ መልሱ አንድ ነው፣ «አቦ ፎረፎር ነው ሻምፖ ቀይር»። ሻምፖው ይቀየራል ቅባቱ ይቀየራል ፀጉር ቤቱም ይቀየራል፣ ማሳከኩ ግን እዛው ነው። የጭንቅላት ቆዳ የሚቆጣበት ምክንያት ብዙ ስለሆነ ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ሌላውን ሊያብሰው ይችላል። እኔ ከዚ ነገር ጋር አመታት ስለኖርኩ የማውቀውን በየምልክቱ ልፃፍላችሁ፣ መጀመሪያ የራሳችሁን ምልክት ፈልጉ ከዛ ነው ወደ ፋርማሲ።

ቅርፊቱ ቅባት ያለውና ወደ ቢጫ የሚያደላ ከሆነ፣ ቅንድብ ላይ፣ አፍንጫ ጎንና ጆሮ ጀርባም ካለ፣ ሰቦሪክ ደርማታይተስ የሚሉት ነው። ጠይም ቆዳ ላይ ቀይ ላይመስል ይችላል፣ ቦታው ነጣ ብሎ ነው የሚታየው። ማላሴዚያ የምትባል ፈንገስ አለች፣ የሁሉም ሰው ጭንቅላት ላይ ትኖራለች፣ አንዳንዱ ሰው ቆዳ ግን እሷን አይችላትም ይቆጣል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚ ጋ ነው፣ ቅርፊቱን አይቶ ደርቋል ይልና ቅቤ ወይ የወይራ ዘይት ይለቀልቅበታል፣ ፈንገሷ የምትበላው ስብ ስለሆነ ቀለብ እየሰፈራችሁላት ነው ማለት ነው። መፍትሄው 2% ኬቶኮናዞል ሻምፖ ነው፣ ፀጉሩ ላይ ሳይሆን ቆዳው ላይ አድርጋችሁ 5 ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ ታጠቡት፣ በሳምንት 2 ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት። ፀጉራችሁ ከርዳዳና ደረቅ ከሆነ በሳምንት 1 ጊዜም ይበቃል፣ ከዛ ጫፉን ኮንዲሽነር ቀቡት። ዋናው ነገር ግን ሲሻላችሁ እንዳታቆሙት! ይሄ ነገር ተሽሎ የሚረሳ አደለም፣ በሳምንት ወይ በ2 ሳምንት አንዴ ካልቀጠላችሁ ይመለሳል፣ ሲመለስ ደግሞ መድኃኒቱ አልሰራም ብላችሁ ተስፋ ትቆርጣላችሁ። ቀሲል (ፀጉር የሚታጠቡበት የቅጠል ዱቄት) ለማጠብ ጥሩ ነው፣ የኬቶኮናዞሉን ቦታ ግን አይተካም። የድሬ ውሃ ደግሞ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚጋግረውን ነጭ ነገር ታውቁታላችሁ፣ ሻምፖ ቶሎ ስለማይለቅበት ደህና አድርጋችሁ አለቅልቁ። አንድ ነገር ልጨምር፣ ድንገት ተነስቶ ፊትና ደረት ላይ በጣም ከወጣና ለሻምፖው አልበገር ካለ የኤችአይቪ ምርመራም አድርጉ፣ ለማስፈራራት አደለም፣ አንዳንዴ በሽታው የሚታወቀው በዚ ስለሆነ ነው፣ ጤና ጣቢያ በነፃ ነው።

ቅርፊቱ ወፍራም፣ ደረቅና ብርማ ከሆነ፣ ከፀጉር መስመር አልፎ ግንባር ላይ ከወጣ፣ ክርን ወይ ጉልበት ላይም ካለ፣ ጥፍር ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ጉድጓዶች ካሉ ሶሪያሲስን ጠርጥሩ። አይተላለፍም፣ ማበጠሪያ አትንካብን ለሚሉ ሰዎች ይሄንን ንገሩልኝ። ቅርፊቱን በጥፍር መላጥ ያብሰዋል፣ መጀመሪያ ሳሊሲሊክ አሲድ ባለው ቅባት ማለስለስ ከዛ ሐኪም ያዘዘውን የስቴሮይድ (የቆዳ ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት) ሎሽን ማድረግ ነው። መገጣጠሚያ ላይ ህመም ካለ ለሐኪሙ ተናገሩ፣ እሱም የዚሁ በሽታ ሊሆን ይችላል። ሜቶትሬክሴት የሚባል ክኒን ከታዘዘላችሁ ለዚ በሽታ በሳምንት 1 ቀን ብቻ ነው የሚዋጠው፣ በየቀኑ መዋጥ ሊገድል ይችላል።

ልጅ ላይ ፀጉሩ በክብ እየተሰበረ ቅርፊት ካወጣ ቆረቆር ነው። ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥ ስለገባ ክሬም አይደርስበትም፣ የሚዋጥ ግሪሶፉልቪን ወይ ተርቢናፊን ያስፈልጋል፣ ግሪሶፉልቪን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል ከወተት ወይ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሰጥ ነው በደንብ የሚሰራው። ወንድም እህቶቹንም እዩ። ነጭ ሽንኩርት አትቀቡት፣ ህፃኑን ያቃጥለዋል። አብጦ መግል ከያዘም አታፍርጡት፣ ቶሎ ሐኪም ጋ።

ወንዶች ማጅራት ላይ የሚወጣው ጠጣር እብጠት ደግሞ ከቶንዶሱ ጋር ይያያዛል፣ በጣም ተጠግቶ ሲላጭ ፀጉሩ ወደ ውስጥ ይበቅልና ቆዳው ይቆጣል፣ ቆይቶ ጠባሳ ይሆናል። ዜሮ አታስደርጉ፣ የማጅራቱን መስመር በምላጭ አታስወጡ፣ የድሬ ሙቀትና ላብ ካልታጠበ ያብሰዋል።

በጣም የምፈራላችሁ ግን ይሄኛውን ነው፦ አናት ላይ ማቃጠል ወይ ሲነካ ማመም፣ ከዛ ፀጉሩ ሄዶ ቆዳው ለስልሶ የሚያብለጨልጭ፣ የፀጉር ቀዳዳ የማይታይበት። ይሄ ጠባሳ የሚሰራ አይነት ነው፣ የሄደው ፀጉር አይመለስም ህክምናው የቀረውን ነው የሚያተርፈው፣ ስለዚ ሹሩባውን ፈታችሁ አሁኑኑ ቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ትንሽ ቆዳ ተቆርጦ ይመረመር ካሉም እሺ በሉ።

ስለ ስቴሮይድ፦ ቤታሜታዞንም ክሎቤታሶልም ማሳከክን በ2 ቀን ዝም ያሰኛሉ፣ ለዛ ነው ጎረቤት ለጎረቤት የሚሰጣጠው። ቆረቆር ላይ ከተቀባ ግን ፈንገሱ ከስር ይስፋፋል መልኩም ይቀየርና ሐኪሙንም ያሳስታል። ያለ ትዛዝ አትግዙ፣ ከታዘዘም ከተባለው ጊዜ አታሳልፉ።

ቆዳ ሐኪም ጋ ስትሄዱ፣ ድልጮራ ሆስፒታልም ይሁን ሐረር ህይወት ፋና ሆስፒታል ወይ የግል ክሊኒክ፣ ቅባት ሳትቀቡ፣ ሹሩባ ሳትሰሩ፣ ዊግም ሳታደርጉ ሂዱ፣ ቅርፊቱ መታየት አለበት። ድሬ ላይ ያሉ ሰዎች ቀጠሮ እስኪደርስ ይሻላቸውና ሐኪሙ ምንም ሳያይ ይመለሳሉ፣ ስለዚ ሲብስ በስልክ ፎቶ አንሱት። የሞከራችሁትን የመድኃኒት ካርቶን ሁሉ በፌስታል ያዙ፣ ሂናና የፀጉር ቀለምም ተናገሩ፣ ጥቁር ቀለም በራሱ አለርጂ ሊያመጣ ይችላል። ወረፋው ረጅም ነው ሐኪሙም ይቸኩላል፣ ሳትወጡ ግን «ስሙ ምንድነው፣ ለስንት ጊዜ ልጠቀም፣ ሲሻለኝስ ምን ልቀጥል» ብላችሁ ጠይቁና አፅፉ።