የቮልስ ጎማ አመራረጥና ባላንስ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁለቱን በሰላም የወረደ ቮልስ ሐርቡ ሜዳ ላይ ፍጥነቱ 80 ሲሞላ ቢንቀጠቀጥ መጀመሪያ ጎማ ጠርጥሩ። መሪው ከተንቀጠቀጠ ብዙውን ጊዜ የፊቱ፣ ወንበሩ ከሆነ የኋላው ነው።

የጥንቱ ልክ 5.60-15 ነበር፤ ዛሬ የሚተካው 165/80 አር 15 ነው። ሰፋ ያለው ያምር ይሆናል እንጂ መሪ ያከብዳል። ጎኑ ላይ 2319 የሚል ካያችሁ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም የቆየ ጎማ ይደርቃል፤ ጎኑን ጫን አድርጋችሁ ስንጥቅ ፈልጉ።

ባላንስ (የጎማውንና የቸርኬውን ክብደት ዙሪያውን እኩል ማድረግ) ላይ ብዙ ሰው የሚሸወደው ባለ 5 ቡሎኑ የድሮ ቸርኬ ላይ ነው። የመሀል ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ የባላንስ ማሽኑ ሾጣጣ በትክክል አይይዘውም፤ በቡሎን ቀዳዳዎቹ የሚያስር ማያያዣ የሌለው ጎሚስታ የሚሰጣችሁ ቁጥር የውሸት ነው። ከዚያ በፊት የክረምቱን ጭቃ ከቸርኬው ውስጥ ፍቁ፣ ለባላንስ የተደረገውን አሮጌ የእርሳስ ክብደት ንቀሉ። ማሽኑ ከ60 ግራም በላይ ከጠየቀ እርሳስ አትደርድሩ፤ አየሩን አስተንፍሳችሁ ጎማውን ቸርኬው ላይ ግማሽ ዙር አዙሩና እንደገና ለኩ። የተጣመመ ቸርኬ ግን ባላንስ ቢደረግም መዝለሉን አይተውም። ቡሎኖቹን በመስቀለኛ አጥብቁ። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ የፊቱ ንፋስ ከኋላው ያነሰ ይሁን፤ የሚለካውም ጎማው ሳይሞቅ ነው።