ኪውቤዚክ ላይ ድምሩ አልመጣ ሲል

ኪውቤዚክ በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ 5 እና 7 አስገብታችሁ ድምሩ 57 ሆኖ ከወጣ መጀመሪያ የቫሪያብሉን (ያስገባችሁትን ዋጋ የሚይዘውን) ስም መጨረሻ እዩ። $ አለ? እንግዲያው የያዘው ጽሑፍ ነው። + ደግሞ ጽሑፍ ሲያገኝ ይገጣጥማል እንጂ አይደምርም። ኢንፑት (ቁጥሩን የሚቀበለው ትዕዛዝ) ላይ ኤ$ ያላችሁትን ኤ ብቻ አድርጉት። የግድ ጽሑፍ መሆን ካለበት ሲደመር ጽሑፍን ወደ ቁጥር በሚለውጠው በቫል ቀይሩት፦ ቫል(ኤ$) + ቫል(ቢ$)። አንዱን ቀይራችሁ ሌላውን ከተዋችሁት "ታይፕ ሚስማች" (ዓይነታቸው አልተጣጣመም) ይላችኋል።

ስክሪኑ ላይ "ኤ + ቢ" ራሱ ከወጣ ትምህርተ ጥቅሱን አንሱት፤ ሌላ ጣጣ የለውም።

ዋጋው 200፣ ቫቱ 30 ሆኖ ድምሩ 200 ከሆነስ? አንድ ቦታ ስም ተሳስቷል። ኪውቤዚክ የማያውቀውን ስም ሲያይ ምንም ሳይል አዲስ ቫሪያብል ይፈጥርና 0 ይሰጠዋል። ኤ እና ኤ% እንኳ ለእሱ የተለያዩ ናቸው። ከድምሩ በፊት ሁለቱንም በፕሪንት ስክሪን ላይ አውጧቸው። 0 የሆነውን ስም ፊደል በፊደል አመሳክሩ።

ብዙ ሰው የሚለፋው ግን "ኦቨርፍሎው" (ቁጥሩ ከመያዣው በልጧል) የሚለው ስህተት ላይ ነው። ኤ% 20000፣ ቢ% 20000 ይሁኑ። % ማለት ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ነው፤ 16 ቢት ስለሆነ ከ32,767 በላይ አይዝም። ይሄን ያወቀ ሰው መልሱን ሰፊ ሙሉ ቁጥር በሚይዘው በ& ያደርግና ሲ& = ኤ% + ቢ% ብሎ ይጽፋል። አሁንም ያው ኦቨርፍሎው! እዚህ ላይ ተስፋ አትቁረጡ፣ ምክንያት አለው። ኮምፒውተሩ መጀመሪያ የቀኝ እጁን ይደምራል፤ ሁለቱም ኢንቲጀር ስለሆኑ ድምሩም በኢንቲጀር ልክ ነው የሚሠራው። ሲ& ጋ ሳይደርስ ሞልቶ ያልቃል። ስለዚህ ከሚደመሩት ቢያንስ አንዱ & ይኑረው፦ ሲ& = ኤ& + ቢ%። እኔ ከመጀመሪያው ሁሉንም & አድርጉ ባይ ነኝ። እስከ 2,147,483,647 ይይዛል።

12345678 ላይ 1 ደምራችሁ 1.234568ኢ+07 ከመጣ፣ ምልክት የሌለው ስም ሲንግል (አነስተኛው የአስርዮሽ ቁጥር ዓይነት) ስለሆነ ነው። ወደ 7 አሃዝ ብቻ ነው የሚያሳየው። ስሙ ላይ # ጨምሩ፤ ብዙ አሃዝ የሚይዘው ደብል ይሆናል።

የገንዘብ ሂሳብ ከሆነ ግን # ራሱ አያስተማምንም። 0.10 በኮምፒውተሩ የሁለትዮሽ አቆጣጠር ልክክ ብሎ አይጻፍም፤ ደጋግማችሁ ስትደምሩት ጥቃቅን ስህተት ይጠራቀማል። ሁሉንም በሳንቲም ያዙና በ& ደምሩ። 12 ብር ከ50ን 1250 በሉት፤ ብር የምታደርጉት ስታሳዩት ብቻ ነው። እስከ 21 ሚሊዮን ብር ድረስ አንድ ሳንቲም አይጎድልም።