ፎቶግራፍን ለሂስ ማቅረብና የባልደረባን ሥራ መሄስ

አንድ ፎቶ አንሺ የራሱን ሥራ ለመመዘን የሚቸገርበት ዋነኛ ምክንያት ፎቶግራፉ ሲነሳ በቦታው የነበረ መሆኑ ነው። ብርሃኑን ሲጠብቅ የቆየበትን ሰዓት፣ የነበረውን ብርድ፣ ካነሳው ሰው ጋር ያደረገውን ጭውውት ሁሉ ያስታውሳል፤ ምስሉን መልሶ በተመለከተ ቁጥርም ትዝታው አብሮ እየመጣ በምስሉ ውስጥ የሌለውን ነገር እንዳለ አድርጎ ያሳየዋል። ሌላው ተመልካች ግን የሚያየው በአራቱ ጠርዞች መካከል የቀረውን ብቻ ነው። የባልደረባ አስተያየት የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ምስሉ ያለ አንሺው ትዝታና ያለ አንሺው ማብራሪያ ብቻውን ምን እንደሚል ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ሂስ ስንጠይቅም ሆነ ስንሰጥ ይህን ዓላማ ካልዘነጋን፣ ቀጥሎ የሚነሱት አብዛኞቹ ጉዳዮች በቀላሉ መልክ ይይዛሉ።

የሚቀርበውን ምስል መምረጥ

ለሂስ አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ያቅርቡ። ከአንድ ቦታ የተነሱ ስምንት ተመሳሳይ ምስሎችን በአንድ ጊዜ መደርደር መምረጥ የነበረበትን ሰው ሥራ ወደ ተመልካቹ ማሸጋገር ነው፤ ተመልካቹም ደክሞት ስለ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ተናግሮ ያልፋል። ጥያቄዎ በቀጥታ "ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛው?" የሚል ከሆነ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ማሳየት ተገቢ ነው።

ብዙ የሚያስተምረው አንሺው ራሱ የሚያመነታበት ምስል ነው፤ አንድ ነገር እንደያዘ የሚሰማዎት፣ ነገር ግን ያላለቀለት የሚመስልዎት ማለት ነው። እንከን እንደሌለበት እርግጠኛ የሆኑበትን ምስል ካቀረቡ የሚፈልጉት ሙገሳ ነውና ሂስ ሲመጣ ቅር ይልዎታል። በሞት የተለየ ዘመድን ወይም ከባድ የሐዘን ወቅትን የያዘ ምስልም ለእርስዎ ያለው ዋጋ ከቅንብርና ከብርሃን ጋር ስለማይገናኝ፣ ለሂስ ባይቀርብ ይመረጣል። ከተቻለ ደግሞ ፎቶግራፉን ካነሱ በኋላ ጥቂት ሳምንታት ይቆዩ፤ ትዝታው ሲቀዘቅዝ ሌሎች ሊነግሩዎት ከሚችሉት ነገር ከፊሉን ራስዎ ያዩታል።

ስለ ፋይሉ አዘገጃጀት ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ይሁን እንጂ በጥንቃቄ ጉድለት ብቻ ሂሱ ከምስሉ ርቆ ስለ ስክሪን ልዩነት እንዳይሆን ሁለት ሦስት ነገሮች መረጋገጥ አለባቸው። በስክሪን ለሚታይ ምስል ኤስአርጂቢ የተባለውን የቀለም ክልል ይጠቀሙ፤ ሰፋ ባለው በአዶቤ አርጂቢ የተቀመጠ ምስል የቀለም መግለጫውን በማያነብ ፕሮግራም ሲከፈት የደበዘዘ መስሎ ይታያል። ረጅሙ ጎን 2048 ፒክስል ገደማ ቢሆን ዝርዝሩን ለማየት ይበቃል። ብዙ ስክሪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ ከሚገባው በላይ ስለሚያበሩ፣ በእርስዎ ዘንድ ልክ የመሰለው ምስል ሌላው ዘንድ ጨልሞ ሊታይ ይችላል፤ ስለዚህ ከዓይንዎ በተጨማሪ ሂስቶግራሙን፣ ማለትም በምስሉ ውስጥ ጨለማውና ብሩሁ ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳየውን ግራፍ፣ ይመልከቱ። ስምዎን በምስሉ መሃል አያትሙት፤ የዓይንን ጉዞ ያሰናክላል። ካሜራው በፋይሉ ውስጥ የሚመዘግበውን የሹተር ፍጥነት፣ የአፐርቸርና የአይኤስኦ መረጃ (ብርሃን የገባበትን ጊዜ፣ የሌንሱን ቀዳዳ ስፋትና ካሜራው ለብርሃን ያለውን ትብነት) አያጥፉ፤ ለሂስ ሰጪው እጅግ ይጠቅመዋል። የጂፒኤስ ቦታ ጠቋሚውን ግን፣ በተለይ የሰው መኖሪያ ወይም ሕፃናት ያሉበት ምስል ከሆነ፣ ሳይረሱ ያስወግዱት።

ጥያቄውን ማዘጋጀት

"ምን ይመስላችኋል?" ብሎ የጠየቀ ሰው "ያምራል" የሚል መልስ ቢያገኝ ሊከፋው አይገባም፤ የጠየቀው ይህንኑ ነውና። የተወሰነ ጥያቄ የተወሰነ መልስ ያመጣል። "ዓይናችሁ መጀመሪያ ያረፈው የት ላይ ነው?"፣ "በግራ በኩል ያለው ጥላ ሰውየውን ያጎላዋል ወይስ ይውጠዋል?"፣ "ሁለቱ ሴቶች እርስ በርስ የሚተዋወቁ ይመስላሉ?" የሚሉት ዓይነት ጥያቄዎች ተመልካቹ ወደ ምስሉ ተመልሶ እንዲያይ ያስገድዱታል። የመጨረሻው ዓይነት ጥያቄ በተለይ ጠቃሚ ነው፤ ምስሉ ለማስተላለፍ የተፈለገውን ነገር ማስተላለፍ አለማስተላለፉን ይፈትሻልና።

ከምስሉ ጋር የሚጻፈው ማብራሪያ አጭር ይሁን። "ይህ ፎቶ ብቸኝነትን ያሳያል" ብለው ከጀመሩ ተመልካቹ ብቸኝነትን ፈልጎ ማግኘቱ አይቀርም፤ እርስዎም ምስሉ በራሱ ይህን ይናገር እንደሆነ የማወቅ ዕድል ያጣሉ። ሰነዳዊ ወይም የዜና ፎቶግራፍ ያለ መግለጫ ጽሑፍ ሊነበብ አይችል ይሆናል፤ በዚህም ጊዜ ቢሆን ተመልካቾች መጀመሪያ ምስሉን ብቻ አይተው ከተናገሩ በኋላ መግለጫውን ቢያነቡ፣ ምስሉና ጽሑፉ እያንዳንዳቸው የሚሸከሙት ምን እንደሆነ በግልጽ ይለያል። ከዚህ ውጭ መነገር ያለባቸው ምስሉ የሚውልበት አገልግሎት፣ እንደገና የማንሳት ዕድል መኖር አለመኖሩና ገና ያላለቀ ሥራ ካለ እሱ ናቸው። ዳግም ሊነሳ የማይችል ምስል ላይ "ጠዋት ቢሆን ኖሮ" የሚል ምክር ለሚቀጥለው ሥራ እንጂ ለዚህኛው አይጠቅምም።

ሂስ መስጠት

ሂስ ሰጪ ከመናገሩ በፊት ምስሉን ቢያንስ አንድ ደቂቃ ሙሉ በዝምታ ሊመለከተው ይገባል። አንድ ደቂቃ ረጅም ጊዜ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ያልታዩ ነገሮች ብቅ የሚሉትም ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ዓይንዎ ወደ ምስሉ የገባበትን ቦታ፣ የተጓዘበትን አቅጣጫ፣ የቆመበትንና ከፍሬሙ ያመለጠበትን ቦታ ያስተውሉ። አራቱን ጠርዞችና አራቱን ማዕዘኖች ለይተው ይመልከቱ፤ አንሺው ፎቶውን ሲያነሳ ትኩረቱ መሃል ላይ ስለነበረ ግማሽ እጅ፣ የተቆረጠ እግር ወይም ብሩህ ቁራጭ ሰማይ ሳያየው የሚገባው ብዙውን ጊዜ በእነዚህ በኩል ነው።

ከዚያም ከፍርድ በፊት የታየውን ይግለጹ። ብዙዎች ይህን ደረጃ እንደ አላስፈላጊ መግቢያ ቆጥረው ይዘልሉታል፤ በእኔ አመለካከት ግን ከሂስ ሁሉ ዋጋ ያለው ክፍል ይህ ነው፤ አንሺው ራሱ ሊያገኘው የማይችለው መረጃ ይህ ብቻ ነውና። "መጀመሪያ ያየሁት ቀዩን ጃንጥላ ነው፤ ከዚያ በመንገዱ መስመር ወደ ላይ ሄድኩ፤ ሽማግሌው መኖራቸውን ያስተዋልኩት በመጨረሻ ነው" የሚል አስተያየት አንዳችም ነቀፋ የለበትም፤ ይሁንና የምስሉ ባለቤት ሽማግሌውን የምስሉ ዋና ሰው አድርጎ አስቦ ከነበረ፣ ከማንኛውም ነቀፋ የበለጠ ነግሮታል።

ፍርድ ሲመጣ ውጤቱ ከምክንያቱ ጋር ተያይዞ መነገር አለበት። "ዳራው ያስቸግራል" የሚለው አስተያየት አንሺውን ለግምት ይተወዋል። "ከልጅቷ ጭንቅላት ጀርባ ያለው መስኮት ከፊቷ የበለጠ ስለሚያበራ ዓይኔ ደጋግሞ ወደ እሱ ይሄዳል" የሚለው ግን ችግሩን፣ ቦታውንና ምክንያቱን በአንድነት ያሳያል፤ መፍትሔውም ከውስጡ ይወጣል፦ መስኮቱን በማረሚያ ፕሮግራም ማደብዘዝ ወይም በሚቀጥለው ጊዜ ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን መሄድ። ሁለቱ መፍትሔዎች የተለያዩ ዓይነቶች መሆናቸውን ልብ ይሏል። የምስሉን መዘንበል፣ ክርከማን (ጠርዙን መቁረጥን)፣ የቀለም ሚዛንንና በመጠኑም ቢሆን የብርሃን መጠንን በኋላ ማስተካከል ይቻላል፤ የብርሃን አቅጣጫ፣ የካሜራው መቆሚያ፣ የተያዘው ቅጽበትና የትኩረት ቦታ ግን የሚወሰኑት በማንሳቱ ጊዜ ነው። ሂስ ሰጪው የሚናገረው ስለ የትኛው እንደሆነ ቢለይ የአንሺውን ድካም ይቀንሳል።

በቴክኒክ ረገድ በብዛት በስህተት የሚገለጸው የምስል ብዥታ ስለሆነ ጥቂት ላብራራው። "ጥርት አላለም" ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ብዥታ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ምንጮች አሉት፤ እያንዳንዳቸውም ምልክታቸው በምስሉ ላይ ይነበባል። በምስሉ ያለው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ከተጎተተ የተንቀሳቀሰው ካሜራው ነው። የቆመው ነገር ጥርት ብሎ የሚራመደው ሰው ብቻ ከተጎተተ ሹተሩ ለሰውየው ፍጥነት ዘግይቷል። ከሰውየው ፊት ወይም ኋላ ያለ ሌላ ነገር ጥርት ብሎ ከታየ ደግሞ የሳተው ትኩረቱ ነው። ለመጀመሪያው፣ በሙሉ ፍሬም ካሜራ (ብርሃን መቀበያው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ፍሬም ያህል በሆነ) የሹተሩ ፍጥነት ከሌንሱ የትኩረት ርቀት ጋር ቢመጣጠን፣ ለምሳሌ በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከ1/200 ሰከንድ ባይዘገይ፣ የሚለው የቆየ መለኪያ መነሻ ይሆናል፤ ምስል አረጋጊ ያላቸው ሌንሶችና ካሜራዎች ይህን ያላላሉ። ለሁለተኛው ግን ምስል አረጋጊም ሆነ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ አይረዳም፤ የሚያስፈልገው ፈጣን ሹተር ነው። በካሜራው የተመዘገበው መረጃ ይኑር ያልኩት ለዚሁ ነው።

የቅንብር ሕጎችን መጥቀስ ሂስ አይሆንም። ለምሳሌ የሦስትዮሽ ክፍፍል የሚባለው ሕግ ፍሬሙን በቁምም በአግድምም ለሦስት ከፍሎ ዋናውን ነገር በመከፋፈያ መስመሮቹ ላይ ማስቀመጥን ይመክራል። "ሰውየው መሃል ስለሆነ የሦስትዮሽ ክፍፍሉ ተጥሷል" ያለ ሰው ስለ ምስሉ ምንም አልተናገረም፤ መሃል መሆኑ በዚህ ምስል ላይ ምን እንዳስከተለ መናገር ይጠበቅበታል። እንዲሁም የምስሉ ዓላማ ሳይታወቅ ማስተካከያ መጠቆም አደገኛ ነው። አሜሪካዊቷ ፎቶ አንሺ ዶሮቲያ ላንግ እ.ኤ.አ. በ1936 በካሊፎርኒያ ባነሳችው፣ "ስደተኛዋ እናት" ተብሎ በሚታወቀው ፎቶግራፍ ላይ በቀኝ በኩል ከታች የድንኳን ምሰሶ የያዘ አውራ ጣት ይታይ ነበር፤ ከዓመታት በኋላም ጣቱ እንዲደበዝዝ ተደርጓል። ምስሉን በቅንብር ብቻ ለሚያይ ሰው ጣቱ ዓይን የሚሰርቅ እንከን ነው፤ እንደ ሰነድ ለሚያየው ግን በቦታው የነበረ እውነት ነውና መነካት አልነበረበትም። ሁለቱም ወገኖች ምክንያት አላቸው። ስለዚህ "ይህን አጥፋው" ከማለት አስቀድሞ ምስሉ ለምን እንደተነሳ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሙገሳም እንደ ነቀፋ ሁሉ በቂ ምክንያት ይሻል። በምስሉ ውስጥ የሠራው ነገር ተለይቶ ካልተነገረ አንሺው በሚቀጥለው ማስተካከያ ያንኑ ሊያበላሸው ይችላል። ነቀፋን ለማለስለስ ብቻ ከፊትና ከኋላ የሚደረግ ሙገሳ ግን ሰሚው ወዲያው ስለሚያውቀው የእውነተኛውንም ሙገሳ ዋጋ ያሳጣል፤ ለዚህ ዓይነቱ ልማድ ድጋፍ የለኝም። ጨዋነት የሚገኘው ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ ምስሉ በመናገር ነው፦ "ብርሃን አልገባህም" በማለት ፈንታ "ብርሃኑ በቀጥታ ከካሜራው በኩል ስለመጣ ፊቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያል" ማለት። የባልደረባን ፋይል ወስዶ በራስ አመለካከት አርሞ ማሳየትም ባለቤቱ ሲፈቅድ ብቻ የሚደረግ ነው።

በአካል ተገናኝተው ለሚወያዩ ቡድኖች ሊዝ ለርማን የተባለችው አሜሪካዊት ኮሪዮግራፈር (የውዝዋዜ ቀማሪ) ለኪነ ጥበብ ሥራዎች ያዘጋጀችው አካሄድ ለፎቶግራፍም ይስማማል። መጀመሪያ ተመልካቾች ትርጉም የሰጣቸውን ነገር ይናገራሉ፤ ቀጥሎ ባለሙያው ይጠይቃል፤ ከዚያ ተመልካቾች ፍርድ ያልተቀላቀለበት ጥያቄ ያቀርባሉ፤ አስተያየት የሚመጣው በመጨረሻ፣ ያውም ባለሙያው ሲፈቅድ ነው። ከአምስት እስከ ስምንት ሰው ባለበት ቡድን ውስጥ ለአንድ ምስል አሥር ደቂቃ ያህል ቢሰጥ ይበቃል።

ሂስን መቀበል

ተመልካቾች ተናግረው እስኪጨርሱ ዝም ይበሉ፤ የሚባለውንም ሁሉ፣ የማይስማሙበትን ጭምር፣ ይጻፉ። "እዚያ ጋ መቆም አይቻልም ነበር" የሚለው መልስ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ይሁንና ይህ በምስሉ ውስጥ አይታይም፤ ለተመልካቹ ሁሉ እየተከተሉ ማስረዳትም አይቻልም። መጠየቅ ያለብዎት ያልገባዎትን ብቻ ነው።

በኋላ ማስታወሻዎን ሲያነቡ አስተያየቶቹ የሚገናኙበትን ቦታ ይፈልጉ። ሳይመካከሩ ሦስት ሰዎች ወደ አንድ ማዕዘን ከጠቆሙ እዚያ አንድ ነገር አለ። ያቀረቧቸው መፍትሔዎች ግን እርስ በርስ ሊቃረኑ፣ ሦስቱም ልክ ላይሆኑ ይችላሉ፤ ተመልካች ችግሩ ያለበትን ቦታ በመለየት ብዙም አይሳሳትም፣ መፍትሔውን መፈለግ ግን የአንሺው ድርሻ ነው። አንድ ሰው ብቻ ያነሳው ነጥብ የምርጫ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ሌሎቹ ያላዩትን ያየ ዓይን ሊሆንም ስለሚችል ሳይሞከር አይጣል። ዋናውን ፋይል ሳይነኩ በቅጂው ላይ ይሞክሩት።

የፎቶግራፎች ስብስብ ለሂስ ሲቀርብ ጥያቄው ይለወጣል፤ እያንዳንዱ ምስል ጥሩ መሆኑ ቀርቶ የትኛው ከየትኛው አጠገብ ቢቀመጥ፣ የትኛው የሌላውን ሐሳብ ቢደግም፣ የትኛውስ ቢወጣ ይሻላል የሚለው ይቀድማል። ለዚህ ትናንሽ ህትመቶችን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በእጅ እያዘዋወሩ መነጋገር ከስክሪን ይልቅ ይቀላል። ከስብስብ ላይ ምስል ማውጣት ለባለቤቱ ከሁሉ የከበደ ነው፤ በመግቢያው ያነሳሁት ትዝታ በብርቱ የሚፈትነው እዚህ ላይ ነውና በዚህ ጉዳይ የባልደረባን ዓይን ከራስዎ የበለጠ ቢያምኑ እመክራለሁ።

ሂሱ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ እንዲቀር አያድርጉ። ምስሉን ካስተካከሉ ወይም እንደገና ካነሱ በኋላ የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን ጎን ለጎን አድርገው ለእነዚያው ሰዎች ያሳዩ፤ ምን እንደለወጡና የትኛውን አስተያየት ለምን እንዳልተቀበሉ በአንድ ወይም በሁለት ዐረፍተ ነገር ይግለጹላቸው። ችግሩን መጀመሪያ ያነሳው ሰው አሁንም ዓይኑ ወደዚያው ቦታ የሚሄድ መሆኑን ከሌሎቹ ቀድሞ ይናገር።