ማዘርቦርድ ከመቀየራችሁ በፊት ለዊንዶውሳችሁ ይህን አድርጉለት

ባለፈው ክረምት ልጄ የሻይ ብርጭቆ ላፕቶፔ ላይ ደፋ። ስኳር ያለው ሻይ ነበር፣ እሱ ደግሞ የባሰ ነው። ጠጋኙ ማዘርቦርዱን፣ ዋናውን ቦርድ ማለት ነው፣ አውጥቶ በብሩሽ ሲፈገፍግ ቆየና "አልቋል" አለኝ። ደግነቱ ከዚያው ሞዴል ስላይትሊ ዩዝድ ቦርድ አገኘልኝ። በሦስተኛው ቀን ሄድኩ፣ ላፕቶፑ በራ፣ ደስ ሊለኝ ሲል ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነና 48 አኃዝ ያለው ቁጥር አስገባ አለኝ።

"ቢትሎከር ነው ብሮ። ቁጥሩ የለህም?"

የለኝም። ዲስኩን የሚቆልፈው ቢትሎከር መኖሩንም አላውቅም ነበር።

"በቃ ፎርማት ላድርገውና ዊንዶውሱን ክራክ አድርጌ ልስጥህ።"

የሦስት ዓመት ሥራዬ እዚያ ዲስክ ላይ ነው! ጉዳዩ በኋላ ተስተካክሏል፣ ግን አንድ ሙሉ ቀን በላብኝ። ቦርዱን ከማስቀየሬ በፊት ለአሥር ደቂቃ ብቀመጥ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ያኔ ያደረግኩት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። እናንተ ጅቡ ሳይሄድ ጩኹ።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ። ዊንዶውስ አክቲቬት ሲሆን፣ ማለትም ፈቃድ ያለው መሆኑ ሲረጋገጥ፣ የኮምፒውተሩን እቃዎች ያነብና አንድ መለያ ሠርቶ ማይክሮሶፍት ሰርቨር ላይ ያስመዘግባል። ፎርማት አድርጋችሁ ስትጭኑ ቁልፍ ሳትጽፉ ራሱ አክቲቬት የሚሆነው ለዚህ ነው፣ ሰርቨሩ ያውቃችኋል። ራም ብትጨምሩ ወይም ኤስኤስዲ ብትቀይሩ አብዛኛውን ጊዜ ቅር አይለውም። ማዘርቦርድ ሲቀየር ግን ለእሱ የማያውቀው ሌላ ኮምፒውተር ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ምን ዓይነት ላይሰንስ (የዊንዶውስ ፈቃድ) እንዳላችሁ ማወቅ ነው። ስታርት ላይ ሲኤምዲ ብላችሁ ፈልጉና ክፈቱት። በእንግሊዝኛ ፊደል ኤስ፣ ኤል፣ ኤም፣ ጂ፣ አር አያይዛችሁ ጻፉ። አንድ ክፍተት ተዉ። ከዚያ የጥያቄ ምልክት ያለችበት ቁልፍ ላይ ያለችውን ስላሽ፣ ከዚያም ክፍተት ሳትተዉ ዲ፣ ኤል፣ አይ። ኢንተር ስትሉ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ትንሽ መስኮት ይመጣል። ሁለተኛው መስመር ላይ ሪቴይል፣ ኦኢኤም ወይም ቮልዩም የሚል ቃል ፈልጉ።

ሪቴይል ማለት ለብቻው የተገዛ ነው፣ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ይዛችሁት መሄድ ትችላላችሁ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ላይ ብቻ እስከሆነ ድረስ። ኦኢኤም ከፋብሪካ ከላፕቶፑ ጋር የመጣው ነው፣ እሱ ከዚያ ማሽን ጋር ተቆራኝቷል። ቦርዱ በራሱ ችግር ተበላሽቶ አምራቹ በዋስትና ከቀየረላችሁ ግን ላይሰንሱ ይቀጥላል፣ አዲስ መግዛት የለባችሁም። ቮልዩም የድርጅት ነው። ማንም ድርጅት ሳይሰጣችሁ የግል ላፕቶፓችሁ ላይ ቮልዩም ኬኤምኤስ (በድርጅት ሰርቨር የሚነሳው ዓይነት) የሚል ካያችሁ፣ ወይ ከድሮው ባለቤት መሥሪያ ቤት የተረፈ ነው ወይ ሻጩ ክራክ አድርጎታል። እዚህ ላይ የሚተርፍ ላይሰንስ የለም፣ ቦርድ ቀየራችሁ አልቀየራችሁ።

አንድ ወጥመድ አለ። ሪቴይል የሚል አይታችሁ አትፈንድቁ። እዚያው መስኮት ላይ የቁልፉ የመጨረሻ አምስት ፊደላት ይታያሉ። ለዊንዶውስ ፕሮ 3ቪ66ቲ፣ ለዊንዶውስ ሆም ደግሞ 8ኤችቪኤክስ7 ካሉ፣ ያ ለዓለም ሁሉ አንድ የሆነ የማሟያ ቁልፍ ነው። ትክክለኛው ፈቃድ ያለው ሰርቨሩ ላይ ነው፣ ዲጂታል ላይሰንስ የሚሉት ይህን ነው። ቁልፉን ወረቀት ላይ ገልብጣችሁ ብታስቀምጡት አዲሱ ቦርድ ላይ ምንም አይሠራላችሁም። በካርቶን ወይም በኢሜይል የገዛችሁት የራሳችሁ ባለ 25 ፊደል ቁልፍ ካለ ግን እሱን ፈልጋችሁ ያዙ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምታደርጉ ከሆነ ይህን አድርጉ። ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አክቲቬሽን ግቡ። 10 ላይ ከሆናችሁ አፕዴት ኤንድ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ነው። አክቲቬት ሆኗል ይላችሁና ቀጥሎ "በዲጂታል ላይሰንስ" ብሎ ካቆመ ገና ናችሁ። "ከማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ጋር የተያያዘ" የሚለውን ጨምሮ መጻፍ አለበት። ካልጻፈ እዚያው ገጽ ላይ አካውንት ጨምሩ የሚለውን ተጭናችሁ ግቡ። አድሚን መሆን አለባችሁ። ይህ ማያያዝ የመጣው በ2016 እ.ኤ.አ. ክረምት በወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ነው፣ ከዚያ በፊት ቦርድ የቀየረ ሰው ስልክ ይዞ ነበር የሚለማመጠው።

እግረ መንገዳችሁን ለኮምፒውተሩ ስም ስጡት። ቀልድ ሊመስል ይችላል፣ ግን በኋላ ከዝርዝር ውስጥ ማሽናችሁን እንድትመርጡ ትጠየቃላችሁ፣ ስም ካላወጣችሁለት ደግሞ ሁሉም "ዴስክቶፕ" ብለው ይጀምሩና ትርጉም በሌላቸው ፊደላትና ቁጥሮች ያልቃሉ። የኔ ዝርዝር ላይ እንዲህ ያሉ ሦስት ነበሩ። አንዱ ከሸጥኩት አራት ዓመት ያለፈው ነው።

ቢትሎከርን አትርሱ። ማይክሮሶፍት አካውንት ተጠቅማችሁ የገባችሁበት አዲስ ላፕቶፕ ላይ ሳይነግራችሁ በርቶ ሊሆን ይችላል፣ ሆም ቢሆንም። የዲስኩ መክፈቻ ቦርዱ ላይ ባለችው ቲፒኤም የምትባል ቺፕ ተጠብቆ ስለሚቀመጥ፣ ቦርዱ ሲሄድ መክፈቻውም አብሮ ይሄዳል። በአሳሽ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ግቡ፣ መሣሪያዎቻችሁ ጋ ሪከቨሪ ቁልፍ አለ። 48ቱን አኃዝ በወረቀት ጻፉ ወይም በስልክ ፎቶ አንሱ። ፕሮ ላይ ከሆናችሁ ማሽኑን ልትሰጡ ስትሉ ከኮንትሮል ፓነል ቢትሎከርን ሰስፔንድ አድርጉት (ለጊዜው አስቁሙት)፣ ከዚያ መልሳችሁ ሳታስነሱ አጥፉ። እኔን ያዳነኝ ቁልፉ አካውንቴ ላይ በራሱ ተቀምጦ መገኘቱ ነው። ሱቁ በር ላይ ቆሜ በስልኬ ገባሁ፣ ሰማያዊው ስክሪን ላይ ያለውን መለያ የመጀመሪያ ስምንት ፊደላት ዝርዝሩ ላይ ካሉት ጋር አመሳከርኩ፣ ከዚያ ጠጋኙ ቁጥሩን እየተቀበለኝ ጻፈ። ሁለቴ ተሳሳትን።

ቦርዱ ከተቀየረ በኋላ ያለው ሥራ አጭር ነው። ኢንተርኔት አገናኙት፣ በዚያው በተያያዘው አካውንት ግቡ፣ አክቲቬሽን ገጽ ላይ ትራብልሹት የሚለውን ተጫኑ። ይህ ቁልፍ አክቲቬት ባልሆነ ማሽን ላይ ብቻ ነው የሚታየው፣ ዛሬ ፈልጋችሁ ብታጡት አትደንግጡ። መጀመሪያ "አልቻልኩም" ይላችኋል፣ እሱን እለፉት። ከሥር በቅርቡ ሃርድዌር ቀይሬያለሁ የምትል መስመር አለች፣ እሷን ተጫኑ። የማሽኖቻችሁ ዝርዝር ሲመጣ የድሮውን ስም ምረጡና አሁን የምጠቀምበት ይህን ነው የምትለዋ ሳጥን ላይ ምልክት አድርጉ። አክቲቬት። እኔ መጀመሪያ የመረጥኩት ያንን የሸጥኩትን ኖሯል፣ እንቢ አለኝ። ሁለተኛውን ስመርጥ ሄደ። ለዚህ ነው ይህ ሳያልቅ አሮጌ መሣሪያዎችን ከአካውንታችሁ አትሰርዙ የምላችሁ።

እምቢ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ሰበቡ ኤዲሽን፣ ማለትም የዊንዶውሱ ዓይነት ነው። የሆም ላይሰንስ ፕሮን አያስነሳም፣ የፕሮም ሆምን አያስነሳም። እኛ አገር ደግሞ ለዚህ የተለየ ምክንያት አለ። አሮጌ ላፕቶፕ ቦርድ ሲገዛ የፋብሪካ ቁልፉ ባዮሱ (ቦርዱ ላይ ያለው ማስነሻ ፕሮግራም) ውስጥ ተጽፎ አብሮት ይመጣል። ይህ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ዲስካችሁ ላይ ሆም ካለና ቦርዱም የሆም ቁልፍ ይዞ ከመጣ ምንም ሳትነኩ አክቲቬት ሊል ይችላል። እናንተ ፕሮ ኖሯችሁ ጠጋኙ አዲስ ከጫነ ግን ጫኚው ከባዮሱ አንብቦ ሳይጠይቅ ሆም ይጭናል፣ የፕሮ ላይሰንሳችሁ ደግሞ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ያኔ አክቲቬሽን ገጽ ላይ ቁልፍ ቀይር በሉና ያንን ለሁሉም አንድ የሆነውን የፕሮ ማሟያ ቁልፍ አስገቡ። ቁልፉ ራሱ ማይክሮሶፍት ያወጣው ነው፣ ኤዲሽኑን ይቀይራል እንጂ አክቲቬት አያደርግም። ከዚያ ትራብልሹት።

ከድርጅት የወጣ ቦርድ ሌላ ጣጣ አለው። ፎርማት ስታደርጉት የማታውቁት ኩባንያ ስም ወጥቶ በድርጅት ኢሜይል ግባ ካላችሁ፣ ቦርዱ እዚያ ድርጅት መዝገብ ላይ ገና አለ ማለት ነው። ቦርዱን ለሻጩ መልሱለት። ከማስገጠማችሁ በፊት "ባዮስ ፓስወርድ አለው?" ብላችሁ መጠየቅም አይከፋም።

ኤዲሽኑ ልክ ሆኖ እምቢ ካለ የሚቀረው የማይክሮሶፍት ሳፖርት ነው። በቻት ግቡ፣ ቦርድ ተበላሽቶ እንደቀየራችሁ በቀጥታ ንገሯቸው፣ የግዢ ማስረጃ ካለ አቅርቡ። አንድ ላይሰንስ ስንት ጊዜ እንደገና እንደሚነሳ ገደብ ስላለው በየወሩ ቦርድ ስትቀያይሩ አትክረሙ። የድሮ የዊንዶውስ 7 ወይም 8 ቁልፍ አለኝ፣ በእሱ አክቲቬት አደርጋለሁ የምትሉ ደግሞ፣ ያ በር ከመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተዘግቷል።

ይህ ሁሉ እስኪስተካከል አትቸኩሉ። አክቲቬት ያልሆነ ዊንዶውስ ይሠራል። ጥግ ላይ ደብዘዝ ያለ ጽሑፍ ይለጥፍባችኋል፣ የግድግዳ ሥዕልና ቀለም መቀየር ይከለክላችኋል፣ ፋይላችሁን ግን አይነካም። በዚያ ሰዓት ቴሌግራም ላይ በርካሽ ቁልፍ ለመግዛት አትሩጡ። ብዙዎቹ ከድርጅት የቮልዩም ቁልፍ የተቸረቸሩ ናቸው፣ ዛሬ ይሠሩና ሲታገዱ ብሩም ሻጩም የሉም።

ላፕቶፑን ይዤ ልወጣ ስል ጠጋኙ "ሰውየው፣ ያ ትራብልሹት የምትለው የቱ ጋ ነው ያልከኝ?" አለኝ። አሳየሁት። የአሮጌውን ቦርድ ዋጋ ግን አልቀነሰልኝም።